የቀማሹ ምላስ

ደብረ ብርሃን፣ የጥቅምት ጠዋት፤ ጠላ ጠማቂዋ የሺመቤት ከአዲሱ የዱባ ጠላ በጣሳ ቀድታ ለባሏ ለአሰግድ ዘርግታለች፤ እሱ ግን እጁን አልሰደደም።

የሺመቤት፦ ያዘው እንጂ። አንድ ጉንጭ ቅመስና ንገረኝ፤ አልታዬ ለልጇ ሰርግ ልታዝ አሁን ትደርሳለች።

አሰግድ፦ በባዶ ሆዴ?

የሺመቤት፦ መቼ ነው ሆድህ እስኪሞላ ጠብቀህ የምታውቀው?

አሰግድ፦ እሺ፣ አምጪው… ጥሩ ነው።

የሺመቤት፦ ሳትውጠው?

አሰግድ፦ ዋጥኩት እኮ። መልኩም ያምራል፤ ዱባው ወርቅ አስመስሎታል።

የሺመቤት፦ ለመልኩ እኔም ዓይን አለኝ። ኮረሪማው እንዴት ነው?

አሰግድ፦ ትንሽ ጠንከር ብሏል። ለሰርግ ግን አይከፋም።

የሺመቤት፦ ቅርንፉዱስ?

አሰግድ፦ ልክ ነው። እንደ ወትሮሽ።

የሺመቤት፦ አሰግድ፣ ቅመም ያለው ያኛው ጋን ውስጥ ነው። ይሄኛው ጌሾ፣ ብቅልና ዱባ ብቻ ነው።

አሰግድ፦ እስቲ ጣሳውን ያዢልኝ።

የሺመቤት፦ ቀና በልና እየኝ።

አሰግድ፦ አውቀሽ ነው የቀዳሽልኝ።

የሺመቤት፦ ጠርጥሬ ነው። ትናንት ወጡ ሲያርር ምድጃው አጠገብ ተቀምጠህ ነበር። እኔ ከደጅ ሸቶኝ ሮጬ ስገባ አንተ ምንም አልመሰለህም።

አሰግድ፦ ክረምት ላይ ከያዘኝ ጉንፋን ወዲህ ነው። ወጡም፣ ጠላውም፣ ሁሉም ውሃ ሆነብኝ። ሲሻለኝ ይመለሳል ብዬ ነበር።

የሺመቤት፦ ለእኔ እንኳ አትነግረኝም?

አሰግድ፦ ምን ብዬ? ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው በሬን የሚያንኳኳው ጠላዬን ቅመስልኝ ሊለኝ ነው። እሱ ከቀረ ማን ይፈልገኛል?

የሺመቤት፦ የእሑዱ የማኅበር ጠላስ?

አሰግድ፦ እሱን እንኳ ተይው።

የሺመቤት፦ አልተወውም። ግሩም ነው፣ አቅርቢው ያልከኝ አንተ ነህ። እንግዳው አንድ ጊዜ ብቻ እየተጎነጨ ብርጭቆውን ሲያስቀምጥ ቆሜ አየሁ። ጎረቤታችን ብርቄ፣ «የሺ እጇን ምን ነካው?» ስትል ከጓዳ ሰማሁ።

አሰግድ፦ እኔም ሰምቻለሁ። አጠገቧ ነበርኩ።

የሺመቤት፦ ምን አልካት?

አሰግድ፦ አይ፣ ምንም።

የሺመቤት፦ አሰግድ።

አሰግድ፦ ሰሞኑን ደክሟታል አልኩ።

የሺመቤት፦ እኔ ላይ አላከክኸው።

አሰግድ፦ ገና ከአፌ ሲወጣ ልመልሰው ፈልጌ ነበር። ሁሉም አዝነውልሽ ራሳቸውን ሲነቀንቁ ግን ዝም አልኩ። ማታ ስታለቅሺም ወደ ግድግዳው ዞሬ የተኛሁ መሰልኩ።

የሺመቤት፦ እኔም እኮ ቀምሼው ነበር። ኮምጥጦ አገኘሁት።

አሰግድ፦ ታዲያ ለምን አቀረብሽው?

የሺመቤት፦ አንተ ግሩም ነው አልካ። ምላሴ ነው የተበላሸው ብዬ ከራሴ ይልቅ አንተን አመንኩ።

አሰግድ፦ ይሄን ባትነግሪኝ ይሻለኝ ነበር።

የሺመቤት፦ በሩ ተንኳኳ። አልታዬ ናት።

አሰግድ፦ ቁጭ በይ፣ እኔ እከፍትላታለሁ። ገና ሳትቀመጥ የእሑዱ ጥፋት የእኔ እንደነበር እነግራታለሁ።

የሺመቤት፦ አልታዬን ታውቃታለህ፤ እስከ ማታ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል።

አሰግድ፦ ይስማ። አንቺ ከባለቅመሙ ቀድተሽ ቅመሺ፤ ጥሩ ነው ካልሽ ብቻ እናቀርብላታለን።