ሦስት ደቂቃ ከሃያ አምስት

(ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ረፋድ ላይ፤ ፈትሒያ ከአባቷ በወረሰችው የሙዚቃ ሸክላ ሱቅ ውስጥ ከባንኮኒው ጀርባ ቆማለች፤ ጡረታ የወጣው የባቡር ጣቢያ ሹም ወንዳፍራሽ አንድ ትልቅ ሳጥን ባንኮኒው ላይ ዘጭ አድርጎ አስቀምጧል።)

ወንዳፍራሽ፦ ሳጥንሽን ያዢ፣ ሸክላዬን አምጪ። ሌላ ወሬ የለኝም።

ፈትሒያ፦ አቦ ጋሽ ወንዴ፣ መጀመሪያ ሰላም በለኝ! ሁለት ዓመት ሙሉ «መጣ ወይ? መጣ ወይ?» እያልክ ያደረቅከኝ አንተ አይደለህም? ይኸው ከፈረንጅ አገር መጣልህ። የደቻቱ ባንድ ሥራ በሙሉ እንደ አዲስ ታትሞ፣ አምስት ሸክላ፣ ከነመጽሐፉ፣ ከነፎቶው።

ወንዳፍራሽ፦ ከነስህተቱ በይ እንጂ! ደቻቱ ባንድን የአዲስ አበባ ባንድ አድርገውታል። የድሬው ወንዝ ደቻቱ! አዲስ አበባ!

ፈትሒያ፦ ፈረንጅ ምን ያውቃል? እርሳስ አንሳና አርመው።

ወንዳፍራሽ፦ ፎቶውንስ በምን ልረመው? ገልብጠው አትመውት ባንዱ በሙሉ ግራኝ ሆኗል።

ፈትሒያ፦ ለዚህ ነው በዚህ ፀሐይ ከገንደ ቆሬ ድረስ ተሸክመኸው የመጣኸው?

ወንዳፍራሽ፦ ድምፁም አይጥምም። ጨው ያልነካው ወጥ ነው።

ፈትሒያ፦ ወላሂ አንተ ሰውዬ ታስቀኛለህ። «የኔ ሸክላ መርፌው ይዘላል፣ ጭርጭርታው ጆሮዬን በላው፣ አዲሱ ይምጣልኝ» ያለው ማነው? ይኸው ንጹሑ መጣ። አሁን ደግሞ ጭርጭርታው ናፈቀህ?

ወንዳፍራሽ፦ አዎ፣ ናፈቀኝ።

ፈትሒያ፦ እንግዲህ የአባቴን ሕግ ታውቀዋለህ። ከራስህ በላይ ተሰቅሏል፣ አንብበው።

ወንዳፍራሽ፦ «የተለወጠ ሸክላ አይመለስም።» አርባ ዓመት አንብቤዋለሁ። አባትሽ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ግትር ነበር።

ፈትሒያ፦ አባቴን ተወው። አሮጌ ሸክላህን በአዲሱ ለወጥን፣ ተጨባበጥን፣ አለቀ። አሁን ብትጮህ ምን ዋጋ አለው? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆንብህ።

ወንዳፍራሽ፦ ለማን ሰጠሽው? ለዚያ ከአዲስ አበባ እየመጣ አሮጌ ሸክላ ለሚለቅመው መነጽራም ነው? አድራሻውን ስጪኝ፤ ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ እሄዳለሁ።

ፈትሒያ፦ እጄ ላይ የለም።

ወንዳፍራሽ፦ የማን እጅ ላይ ነው ታዲያ?

ፈትሒያ፦ ቆይ፣ እኔ ልጠይቅህ። ቤትህ ስንት ሸክላ አለ?

ወንዳፍራሽ፦ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት። ሦስት መቶ አሥራ ሦስት ነበር።

ፈትሒያ፦ ከዚያ ሁሉ መሃል ፊቱ በጭረት ያለቀው አንዱ እንዲህ ያደርግሃል? እውነቱን አውጣው። የፎቶ ግልብጥ የሰውን ፊት እንዲህ አያጠቁርም።

ወንዳፍራሽ፦ …ሁለተኛውን ሸክላ አውጪ። ጀርባው ላይ፣ ሦስተኛው ዘፈን። ማጫወቻው ላይ፣ ፒክአፕሽ ላይ አድርጊውና መርፌውን ወደ መጨረሻው አስጠጊልኝ።

ፈትሒያ፦ ይኸው። ጥርት ያለ ነው እኮ!

ወንዳፍራሽ፦ ዝም ብለሽ ስሚ። አሁን ሁሉም ያቆሙና ቦንጎ ከበሮው ብቻውን ይቀራል… ሰማሽው? አሁን… አሁን… ይኸው! አለፈ።

ፈትሒያ፦ ምኑ ነው ያለፈው? ምንም የለም እኮ።

ወንዳፍራሽ፦ እኮ! ምንም የለም! እዚያ ጋ ሰው ነበር።

ፈትሒያ፦ የምን ሰው?

ወንዳፍራሽ፦ ታናሽ ወንድሜ፣ ይርዳው። ቦንጎውን የሚመታው እሱ ነው።

ፈትሒያ፦ ወንድም ነበረህ? ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ቀን ስሙን አንስተህልኝ አታውቅም።

ወንዳፍራሽ፦ አላነሳውም። ያኔ ሲቀርጹ በባቡር ሠራተኞች ክበብ፣ በሁለት ማይክ፣ ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው ነው። ድገሙት የሚባል ነገር የለም፣ የተሳሳተው እንደተሳሳተ ይቀራል። ይርዳው ደግሞ ዘፈን ሲግልለት አፉን መዝጋት አይችልም። ቦንጎውን እየመታ የአንድ ሰው ስም ጠራና ሳቀ። እንዳለ ታተመ። በስልሳ ዘጠኝ ኦጋዴን ዘመተ፤ በዚያው ቀረ። ፎቶ ብትይ አንዲት የለኝም፤ ባንዱ ሲነሳ እንኳ እሱ አልነበረም። መቃብር የለውም። ወንድም ነበረኝ የምልባት ያቺ ጥሪና ያቺ ሳቅ ነበረች።

ፈትሒያ፦ ታዲያ እንዲህ ያለ ነገር ይለወጣል? የቆጡን አወርድ ብላ…

ወንዳፍራሽ፦ ጨርሺው፣ የብብቷን ጣለች! እኔው ነኝ። ግን ምን ላድርግ ፈቲ? ባጫወትኩት ቁጥር መርፌው ይበላዋል። ዘንድሮ ከአምናው የቀጠነ ነው፣ አምና ከካቻምናው። ለፋሲካና ለመስቀል ብቻ እያልኩ ቆጠብኩት። ጭራሹን ሳይጠፋ በአዲስ ሸክላ ይቀመጥልኝ ብዬ ነው የለወጥኩት።

ፈትሒያ፦ እነዚህ ደንቆሮዎች! የሰው ድምፅ እንዴት ያጠፋሉ? ዛሬውኑ ደብዳቤ እጽፍላቸዋለሁ።

ወንዳፍራሽ፦ እነሱን አትሳደቢ። ያስጠፋሁት እኔ ነኝ።

ፈትሒያ፦ አንተ?

ወንዳፍራሽ፦ ከመታተሙ በፊት «የድሮውን ሸክላ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ይጻፍልን» ብለው ባንቺ በኩል አልጠየቁም?

ፈትሒያ፦ ጠይቀዋል። ሁለት ገጽ ጽፈህ ሰጠኸኝ፤ እኔው ነኝ የላክሁልህ።

ወንዳፍራሽ፦ አየሽ፣ እኔ የጣቢያ ሹም ነኝ፤ ሰዓት ካልጻፍኩ ያልሠራሁ ይመስለኛል። «አንድ ደቂቃ ከአርባ ላይ የሰው ሳል አለ። ሁለት ከአሥር ላይ ወንበር ይንቋቋል። ሦስት ደቂቃ ከሃያ አምስት ላይ ቦንጎ መቺው ይጣራል።» እንዳይጠፋ ብዬ! እነሱ የጉድለት ዝርዝር መሰላቸው። ሳሉንም ወንበሩንም ወንድሜንም ለቅመው ጠረጉት።

ፈትሒያ፦ ያ ረቢ!

ወንዳፍራሽ፦ ምን ይሄ ብቻ! የመጽሐፉን የመጨረሻ ገጽ እይው። «ለአቶ ወንዳፍራሽ፣ ለጥንቁቅ ጆሯቸው፣ ከልብ እናመሰግናለን።» ጥንቁቅ ጆሮዬን ውሻ ይብላው!

ፈትሒያ፦ አይዞህ ጋሽ ወንዴ። ተቀመጥ እስቲ፣ ውሃ ጠጣ። …ማንን ነበር የሚጠራው?

ወንዳፍራሽ፦ እሱን ነው ሃምሳ ዓመት ያላወቅኩት። የሚወዳት አንዲት ልጅ ነበረች፤ ሳያሳየኝ ሄደ። «ሰዓዳ! የት ነሽ፣ ሰዓዳ!» ይልና ይስቃል። ድሬ ውስጥ ስንት ሰዓዳ አለች? በየሰርጉ፣ በየለቅሶው፣ ሰዓዳ የምትባል ባገኘሁ ቁጥር «ይርዳው የሚባል ታውቂ ነበር?» እያልኩ ስንቷ አባራኛለች መሰለሽ። …ምነው? ፈቲ? ምን ሆንሽ?

ፈትሒያ፦ እናቴን ማን ብለህ ነው የምትጠራት?

ወንዳፍራሽ፦ ሐጂያ ነዋ። አገሩ ሁሉ ሐጂያ ነው የሚላት።

ፈትሒያ፦ ስሟንስ ታውቀዋለህ?

ወንዳፍራሽ፦ የተከበረች ሴት ናት፤ ሐጂያ ከተባለች ወዲያ ደግሞ ስምሽ ማነው ተብሎ ይጠየቃል እንዴ? …ፈትሒያ። የእናትሽ ስም ማነው?

ፈትሒያ፦ አባቴ ያንን ሸክላ እዚህ ሱቅ አስገብቶ አያውቅም። ሰው ሲጠይቀው «ጭረት አለበት፣ አልይዘውም» ይላል። ገና ከማተሚያው የወጣ ጊዜም ጭረት አለበት ይል ነበር አሉ። እኛ ልጆቹ ስንስቅበት ነው ያደግነው። ምን ዓይነት ጭረት እንደነበረ አሁን ገና ገባኝ።

ወንዳፍራሽ፦ ስሟን ንገሪኝ።

ፈትሒያ፦ ሰዓዳ ነው።

ወንዳፍራሽ፦ …አርባ ዓመት በዚህ በር ስወጣ ስገባ! ሻይ በእጇ እየሰጠችኝ!

ፈትሒያ፦ ሸክላውን አልሸጥኩትም። ካንተ የተቀበልኩ ቀን ልወለውለው ብዬ ቤት ወሰድኩት። እናቴ ሰው መለየት ካቆመች ሁለት ዓመት ሆናት፤ እኔን እንኳ «የማን ልጅ ነሽ?» ነው የምትለኝ። ሽፋኑን ስታይ ከእጄ ነጠቀችኝ። «አጫውቺልኝ» አለች። ከዚያ ጥያቄዋ ሌላ በዓመት ውስጥ የሰማሁት ሙሉ ቃል ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ፣ ከአስር ሶላት በኋላ፣ ያንኑ ፊት አጫውትላታለሁ። እኔ የሚሰማኝ ጭርጭርታ ብቻ ነው። እሷ ግን ቦንጎው ብቻውን ሲቀር ቀና ትልና «ወዬ» ትላለች። ማንም ሳይጠራት! በሽታው ባሰባት ብዬ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ እኮ።

ወንዳፍራሽ፦ «ወዬ» ትላለች?

ፈትሒያ፦ «ወዬ፣ መጣሁ።» ከዚያ ትስቃለች።

ወንዳፍራሽ፦ እሱም ይስቃል። ልክ ከዚያ በኋላ ይስቃል።

ፈትሒያ፦ ስማኝ። ሸክላው ያንተ ነው፤ ወንድምህ ነው። የአባቴን ሕግ ዛሬ አወርደዋለሁ። ግን ከእጇ መቀበሉን እኔ አልችልም። ጨካኝ ከሆንክ አንተው ና ውሰደው።

ወንዳፍራሽ፦ መርፌሽ የመቼ ነው?

ፈትሒያ፦ ምን?

ወንዳፍራሽ፦ የቤትሽ ፒክአፕ መርፌ! የመቼ ነው እልሻለሁ!

ፈትሒያ፦ እኔ እንጃ። አባቴ እያለ የገባ ነው።

ወንዳፍራሽ፦ በየቀኑ በዚያ ሚስማር? ገደልሽው እኮ! የኔ ገና አዲስ ነው፤ ፒክአፔን ይዤ ዛሬ ከአስር በፊት እመጣለሁ። ያንን ጽሑፍም እንዳትነኪው፤ አባትሽ ልክ ነው፣ የተለወጠ ሸክላ አይመለስም።

ፈትሒያ፦ ማን መጣ ልበላት? ወንዳፍራሽ ብላት አታውቅህም።

ወንዳፍራሽ፦ «ይርዳው ዘግይቶብሽ ወንድሙን ልኳል» በያት።