ጁስ መስሎት ሊያሳልፈው የነበረው ጠጅ

ይህችን ስሙኝ፤ አትከስሩባትም። ከዴንቨር ወጣ ብሎ የመኪና ውድድር ለማየት ከጓደኛዬ ከዳዊት ጋር ድንኳን ይዘን ሄድን። እዚያ የራስን መጠጥ ይዞ መግባት ይቻላል። ስለዚህ አውሮራ ያሉት ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ በእጃቸው የጣሉትን ጠጅ በወተት ጋሎን ሞልተው ሰጡኝ፤ «የቀመሱት ፈረንጆች ምን እንዳሉ ሳትነግረኝ እንዳትቀር!» ብለው። በሩ ላይ ጥበቃው ጋሎኑን አየና «ጁስ ነው? እለፉ» አለን። እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበር። እኔ ግን የማውቀውን ካላስረዳሁ አያስችለኝም። «ጁስ አይደለም፣ ጠጅ ነው! ማሩ በውሃ ይበጠበጣል፤ ከዚያ ጌሾ የሚባል ቅጠል…»
«ቤት ውስጥ የተሠራ ነው?»
«አዎ!» አልኩ በኩራት።
«ከፋብሪካ የታሸገ ብቻ ነው የሚገባው። ድፋው።»
ሣሩ ላይ ስደፋው ዳዊት «አንተ ልጅ፣ ሬዲዮ ብትሆን እዘጋህ ነበር!» አለኝ።

እሁድ ስመለስ እትዬ አልማዝ በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁኝ። «እሺ፣ ምን አሉ?» ሲሉኝ ሣሩ ላይ መድፋቴን ነገርኳቸው። ፊታቸው ትዝ ሲለኝ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እናንተ ግን ሂዱ፤ መኪኖቹ ሲነሱ ድምፁ ደረት ውስጥ ይገባል። የታሸገ መጠጥ ያዙ፤ እንደ እኔ ማብራራት የሚወድ ካለ ደግሞ በሩን እስክታልፉ አስተኙት።