ባለ አንድ ዓይኑ ሽማግሌ

ክፍል ውስጥ ስለማልናገር አብሮኝ የሚማረው ማሩ «ድዳዋ» እያለ ነበር የሚጠራኝ። አንድ ቀን መምህራችን ሙዚየም ወሰደችን። አስጎብኚዋ ወረቀት ላይ በቡናማ ቀለም የተሣለ የጥንት የጣሊያን ሥዕል አሳየችን። ከታች ከተማ አለ፣ ከላይ እሳት የሚያዘንብ ደመና፣ መካከል ላይ እጆቹን የዘረጋ ሽማግሌ። «ይህ ሰው ምን እያደረገ ነው?» ብላ ጠየቀችን። «ከተማዋን እያቃጠለ!» አለ ማሩ። እኔም በልቤ እንደዚያው አልኩ። ሽማግሌው በጎን ስለተሣለ የሚታየው አንድ ዓይኑ ብቻ ነው፤ እኔ ባደግሁበት በደብረ ገነት ደግሞ ቅዱሳን በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች በአንድ ዓይን እንደሚሣሉ ነው የተነገረኝ። ግን ያቺ አንድ ዓይኑ ወዴት እንደምታይ ልብ አልኩ። ሽቅብ ነበር የምታየው፤ ልክ እናቴ መዳፏን ዘርግታ «እግዚኦ» ስትል እንደምታየው። እጄ ሳላስበው ተነሣ።

«አያቃጥልም» አልኩ። «ቢያቃጥል ኖሮ ወደ ታች ያይ ነበር። እሱ እግዚአብሔር ከተማዋን እንዲምርለት እየለመነ ነው።» አስጎብኚዋ መነጽሯን አወለቀች። «ልክ ነሽ፣ ቅዱስ ነው፤ ከተማዋን ከመዓት እየጠበቃት ነው። እኔ ሳልነግረው ያወቀ ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም። ማን አስተማረሽ?» «እናቴ» አልኳት። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ማሩ «ጉድ ነው፣ ድዳዋ ተናገረች!» ብሎ ጮኸ። እኔም ዞር ብዬ «ድዳዋስ ተናገረች፤ ዕውሩስ መቼ ነው የሚያየው?» አልኩት። አውቶቡሱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማሩ በስሜ ነው የሚጠራኝ።