የርዕሰ መምህሯ ጣሪያ

ክቡር ሥራ አስኪያጃችን፣ ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፣

ይህን ዝግጅት ስላሰናዳችሁልኝ ከልቤ አመሰግናለሁ። በተለይ ወርክሾፑን ለጠረጋችሁት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ "እስቲ ይጠረግ" እያልኩ ሰሚ ያጣሁበት ወለል እንዲህ ያበራል ብዬ አላሰብኩም። ለካ መጥረጊያው የእኔን መሄድ ነበር የሚጠብቀው? ለኬኩም አመሰግናለሁ። የጭስ ማውጫ ቆብ አስመስላችሁ ነው ያሠራችሁት። ኬክ ጋጋሪው ግን ለክቶ አልሠራም፤ አንገቱ በሁለት ጣት ያህል ጠቧል። ይቅርታ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው።

ጸሐፊያችን "ንግግርህ ከአሥር ደቂቃ እንዳያልፍ" ብላ ሰዓቷን ይዛ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። እሷ አፍጥጣበት ንግግሩን የቀጠለ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ሥራ ስጀምር ቆብ መግጠም ቀላል መስሎኝ ነበር። ጣሪያ ላይ ትወጣለህ፣ ታስቀምጣለህ፣ ብሎኑን አጥብቀህ ትወርዳለህ፤ በቃ። ሰው ለገዛ ራሱ ባርኔጣ ሲመርጥ ከሚጨነቀው በላይ ለጭስ ማውጫው ይጨነቃል ብሎ ማን ያስባል? ያቺን ልብስ ሰፊ ደንበኛችንን የምታስታውሷት ትኖራላችሁ። "የጎረቤቴን ዓይነት ስጠኝ" አለችኝ።

"የጎረቤትሽ ጭስ ማውጫ አፉ ስንት ሳንቲ ሜትር ነው?"

"ከእኔ ይበልጣል። የእሷ ነገር ሁሉ ከእኔ ይበልጣል።"

"ምንድን ነው የምታነደው?"

"የእኔን አንጀት ነዋ።"

ቤቷ ሄጄ እሳት አስነድጄ ቁጭ አልኩ። ጭሱ ወደ ቤት የሚመለሰው ወፍ ጎጆ ስለሠራችበት ነበር። አስጠረግንላት፤ ዙሪያውን ወንፊት ያለው ቆብ ገጠምንላት፤ ተገላገለች። በሳምንቱ ጎረቤቷ መጥታ "የእሷን ዓይነት ስጡኝ" አለች። የጎረቤቷ ቤት ደግሞ ወፍ የሚባል ነገር የለም። ችግሯ ከአጠገቧ ካለው ፎቅ ላይ ተገልብጦ የሚወርደው ነፋስ ነው፤ እሷን የሚፈውሳት ከነፋሱ ጋር የሚዞረው ተሽከርካሪው ቆብ ነው። ይህንን ለማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ለዚህ ነው "ሳታነድ አትውጣ" የምላችሁ። መጀመሪያ እሳቱን አስነድድ፣ ወንበር ይዘህ ተቀመጥ፣ ጭሱ የት እንደሚሄድ እይ፤ መሰላሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ይህንኑ ቃል ጽፌ ግድግዳው ላይ የሰቀልኩት እኔ ነኝ፤ ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት። በዚያ ዓመት ለምን እንደሰቀልኩት ግን አንድም ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። ዛሬ ሳትጠይቁኝ ልናገር ነው።

ጡረታ የወጡ አንዲት ርዕሰ መምህር ነበሩ። ጣሪያቸው ላይ ሁለት ጭስ ማውጫዎች አሉ፤ ቁርጥ መንታ። አንዱ ከሳሎን ምድጃ የሚመጣ ነው። ሌላው እሳት ካየ ዘመናት አልፈዋል። ለሳሎኑ ተሽከርካሪ ቆብ፣ ለማይነደው ደግሞ ዝናብ እንዳያስገባ ዝግ ቆብ ይዤ ሄድኩ። ተሽከርካሪውን የሠራው እዚያ በሩ አጠገብ የተቀመጠው በያጃችን ነው።

"ልጄ፣ እሳቱን ላንድድልህ?" አሉኝ ርዕሰ መምህሯ።

"አያስፈልግም እትዬ። እኔ ጭስ ማውጫ ሳየው አውቀዋለሁ።"

እውነቱን ልንገራችሁ? ያን ቀን ኳስ ነበር። ሰዓቱ ደርሶብኛል። በአሥራ አምስት ደቂቃ ሁለቱንም ገጥሜ ወረድኩ፤ ጨዋታውም ሲጀመር ደረስኩ። ተሸነፍን።

እሑድ የሴት ልጃቸው እጮኛ ወላጆች ለምሳ ተጠሩ። እሳት ተነደደ። ሾርባው ሳይቀርብ ሳሎኑ በጭስ ታፈነ፤ የወደፊቱ አማት ሳህናቸውን ይዘው ግቢ ወጡ፤ ርዕሰ መምህሯ በጠረጴዛ ልብስ እያራገቡ አለቀሱ። ተሽከርካሪው ጣሪያው ላይ ሽር ጉድ ይላል፤ ግን የተገጠመው ባልነደደው ላይ ነው። ዝጉን ቆብ የደፋሁት በሚነደው ላይ ነበር። ልጅቷ ለማንኛውም አግብታለች፤ እግዜር ይስጣቸው።

ሰኞ ወጥቼ ሳየው ስህተቴ ገባኝ። ፈጥኜ አቀያየርኳቸው። ስወርድ የዚያን ጊዜው ሥራ አስኪያጅ መሰላሉ ሥር ቆመዋል። "ችግሩ ምን ነበር?" አሉኝ።

"ብየዳው አንገቱን አጥብቦታል" አልኩ።

በቃ ይቺው ናት። በያጃችን በዚያው ወር ፎርማን ሊሆን ነበር። ፋይሉ ላይ "ጥንቃቄ ይጎድለዋል" የሚል ሪፖርት ገባ፤ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ፎርማን የሆንኩትም እኔ ነኝ። እናንተም "ጭሱ" አላችሁት፤ አዲስ የገባችሁት እናቱ ያወጡለት ስም ይመስላችኋል። ከራስ በላይ ነፋስ ይባላል። በነፋስ እንጀራዬን የበላሁ ሰው፣ ይህንን ተረት እንደዚያ ቀን ተግባር ላይ አውዬው አላውቅም።

ለምን ዛሬ? ባለፈው ወር ሥራ አስኪያጃችን በእኔ ቦታ ማን ቢተካ እንደሚሻል አማከሩኝ። የበያጃችንን ስም ጠራሁ። "ሙያውማ ግሩም ነው፤ ግን ያ የድሮ ነገር ፋይሉ ውስጥ አለ" አሉኝ። ውሳኔው የፊታችን ሰኞ ነው። እኔ ኬኬን በልቼ ብሄድ፣ እሱ በእኔ ውሸት ለሁለተኛ ጊዜ ሊቀር ነው።

ሐሙስ ዕለት ሄጄ ነገርኩት። ብረት እየሞረደ ነበር።

"የዚያን ጊዜ ብየዳህ አንድም እንከን አልነበረውም። ቆቦቹን ያምታታሁት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ" አለኝ።

"ከየት?"

"በሳምንቱ ጥፋቴን ልይ ብዬ ጣሪያው ላይ ወጣሁ። ዝጉ ቆብ ውስጡ ጥቀርሻ ነበረው። እሳት በማያውቀው ጭስ ማውጫ ላይ ጥቀርሻ ከየት ይመጣል?"

"ታዲያ አሥራ ሰባት ዓመት ዝም ትለኛለህ?"

የብየዳ መነጽሩን አወለቀ። "ጣሪያ ላይ ያለ ሰው አይገፋም። ተናድጄብህ ነበር፤ ለብዙ ዓመት። ግን በራስህ ጊዜ ትወርዳለህ ብዬ ጠበቅኩ። አልዋሽህም፣ ትንሽ ቆየህ።"

አለቀስኩ። ሞረዱ የጣለብኝ ብናኝ ነው ብል ታምኑኝ ነበር፤ ግን ለዛሬ ውሸት ይብቃኝ።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ሁሉንም ጽፌ ፈርሜ ለጸሐፊያችን ሰጥቻለሁ። ያንን የድሮ ወረቀት አውጥተው ይህንን ያስገቡ። እናንተም ከዛሬ ጀምሮ "ጭሱ" የምትሉት ሰው ካስፈለጋችሁ ስልኬ አላችሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኔ ንጋት ጡረታ ላይ ደርሶ ነጋ፤ እናንተ እንደኔ አትዘግዩ።

ቤታችሁ ይሙቅ። ጭሳችሁ ወደ ሰማይ ይውጣ እንጂ ወደ ዓይናችሁ አይመለስ። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ፤ ጉልበታችሁ መሰላል ላይ አይክዳችሁ። ስትሳሳቱ በዚያው ቀን "እኔ ነኝ" የምትሉበትን አፍ ይስጣችሁ። እኔን የታገሠ አምላክ እናንተንም ይታገሥ።

ጸሐፊያችን፣ አየሁሽ፣ ጨርሻለሁ።

አንተ በሩ አጠገብ ያለኸው ወዳጄ፣ እስቲ ተነሥና መሰላሉን ያዝልኝ፤ ልወርድ ነው።