ጉድለቱን ቀድሞ የሚናገር ደላላ

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ ፍሬቻ» የሚላቸው የመኪና ደላላ ይህን ስም ያተረፉት ገዢ ፊት ሲያጋንኑ አንድ ዓይናቸው እንደ መኪና መታጠፊያ መብራት ስለሚርገበገብ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መኪና ተራ ቆመው ሲያሻሽጡ ጉልበታቸው ቢዝልም ምላሳቸው አልዛለም። አንድ ቀን ጠዋት ወደዚያው ሲያዘግሙ የወንድማቸው ልጅ ከግቢዋ በር ላይ ተንበርክካ፣ የአንዲት ነጭ መኪና በር ሥር ያለውን ዝገት በስልኳ ስታነሳ አገኟት።

«ምነው ልጄ፣ ከሰው ገላ ቁስሉን መርጦ ፎቶ የሚያነሳ አለ?»

«ደህና አደሩ፣ አጎቴ? የሲስተር መኪና ናት። በኢንተርኔት ልሸጥላት ተረክቤያለሁ።»

የመኪናዋ ባለቤት ነርስ ደረጃው ላይ ቆማ ነበር። «ነገ ከሰዓት ወደ አዲሱ የሥራ ቦታዬ መሄዴ ነው። እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ገዢ ካላገኘችልኝ ለእርስዎ ነው የምሰጠው» አለቻቸው።

የደላላው ፊት በራ፤ የልጅቷ ጠቆረ። ቋሚ ሥራዋን ትታ፣ የቤቷን የፊት ክፍል ቢሮ አድርጋ ለጀመረችው ንግድ ይህች የመጀመሪያዋ መኪና ነበረች። እሷን ከተነጠቀች ሁለተኛ የሚያምናት አይኖርም።

«ታዲያ ዝገቱን ለአገር እያሳየሽ ማን ሊገዛሽ? ላስትሮ አስቀብተሽ፣ አስወልውለሽ ጥላ ሥር ታቆሚያታለሽ። ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ ጮክ ብለሽ ታወሪያለሽ፤ ገዢ ድምፁን እንዳይሰማ። ሙያው ይኼ ነው!»

«ገዢው በሳምንቱ ተናዶ ሲመጣስ?»

«ያኔማ እኔ ለቅሶ ቤት ነኝ።»

ልጅቷ ሳቋ አመለጣት። «በዓመት ስንት ለቅሶ ይደርሳሉ፣ አጎቴ? እኔ ሱቄ ቤቴ ነው፤ መሸሸጊያ የለኝም። አንድ የተታለለ ሰው ገጼ ላይ አንድ መስመር ቢጽፍ ሺህ ሰው ያነበዋል። ስለዚህ ነውሩን እኔው ቀድሜ እናገራለሁ።»

ለብዙ ዘመን የቆየ ስሕተት ሙያ መስሎ ይከበራል። ሽማግሌውም ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ያስተማሯቸውን ነበር የሚሠሩት።

ፎቶዎቹን፣ ዝገቱን ጨምሮ፣ ገጿ ላይ ለጠፈች፤ ብዙም ሳይቆይ ስልኳ ጮኸ። ፎቶዎቹን ያየ አንድ ዳቦ ጋጋሪ ከሩቅ ከተማ ደውሎ፣ ሞተሩ ሲነሳ በቪዲዮ እንድታሳየው ጠየቀ። ቁልፉን አዞረች። ደላላው እንደ ልማዳቸው «ይህ ሞተር እኮ...» ብለው መጮህ ሲጀምሩ እጇን አነሳች።

«አጎቴ፣ እባክዎ ያዳምጡልኝ። እኔ ድምፁን አልለይም፤ ከእርስዎ ጆሮ ግን የሚያመልጥ የለም።»

በሠላሳ ዓመት ጆሯቸውን የፈለገ ሰው አጋጥሟቸው አያውቅም። ጩኸታቸውን ትተው ወደ ሞተሩ ጎንበስ አሉ።

«የሚያፏጨው የውሃ ፓምፑ ኩሽኔታ ነው» አሉ በመጨረሻ። «እያለቀ ነው፤ ሦስት ወር አይቆይም። ሞተሩ ግን ጤነኛ ነው፤ ጭሱንም አየሁት፣ ንጹሕ ነው።»

«በቃ፣ መኪናዬን ገደሏት!» አለች ነርሷ።

ከስልኩ ግን ሳቅ ተሰማ። «እስካሁን አምስት መኪና አይቼ አምስቱም ሙሽራ ናቸው ተባልኩ። የሚያማት መኪና ገና ዛሬ አገኘሁ! ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ እመጣለሁ፤ ለሌላ እንዳትሰጡብኝ። እኚያን አባትም እንዳገኛቸው።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ መጣ፤ ነድቶ ሞከራት፤ ስለ ፓምፑ ጥቂት ተከራክሮ ፈረመ። መኪናዋ ከግቢው ስትወጣ ጋሼ ፍሬቻ እንደ ልጅ አጨበጨቡ።

«ልጄ፣ ገዢው ተራ ለተራ ሳይንከራተት መኪናዋን አየ፤ ሲስተር አንድ ቀን ከሥራዋ አልቀረችም፤ አንቺም ከደጅሽ አልወጣሽም። እኔስ ብትይ? ነገ ያ ሰው መንገድ ላይ ቢያገኘኝ ቀና ብዬ ሰላም እለዋለሁ!»

«እንግዲያው አብረን እንሥራ። እኔ ፎቶ ላንሳ፣ እርስዎ ሞተሩን ያዳምጡ።»

«ቆዪ ታዲያ! ተራው ላይ አንድ ሰማያዊ መኪና አለ። ጎርፍ ገብቶበት ነበር፤ ባለቤቱ ደብቅልኝ ብሎኛል። አሁኑኑ ሄጄ 'ጎርፉን እናገራለሁ' ልበለው።»

«እምቢ ቢልስ?»

ሽማግሌው መንገድ ጀምረው ስለነበር ዞር ሳይሉ መለሱ። «እምቢ ካለማ ሌላ ደላላ ይፈልግ!»