በሠርግ ስጦታ ላይ የራስ ቅል

(በሠዓሊው በምንያህል ቤት። ወይዘሮ ዘርትሁን እሑድ ለምትዳረው ልጃቸው ባዘዙት ሥዕል ፊት ቆመዋል።)

ዘርትሁን፦ አጥፋው ነው የምልህ። ልጄ ልትዳር ነው እንጂ ልትቀበር አይደለም።

ምንያህል፦ እትዬ ዘርትሁን፣ «የፈረንጅ ሀብታም ቤት የሚሰቀል ዓይነት ይሁን» ያሉኝ እርስዎ ነዎት። የጥንት ሆላንዶች ገበታ ሲሥሉ እንዲህ ነው።

ዘርትሁን፦ ከምግብ ጋር የሰው ጭንቅላት?

ምንያህል፦ ሁሉም ላይ አይደለም። ሀብታሙ የብር ዋንጫውን፣ በመርከብ የመጣለትን የቻይና ሳህን፣ ሎሚውን ያሳያል። ሠዓሊው ደግሞ ጥግ ላይ የራስ ቅል ያኖርበታል። ይኼ ሁሉ ያልፋል ለማለት ነው።

ዘርትሁን፦ ሎሚም የሀብታም ሆነ?

ምንያህል፦ እነሱ አገር ከሩቅ ነበር የሚመጣው።

ዘርትሁን፦ ታዲያ ግማሹን ልጠው ለምን ትተውት ተነሡ? መርዶ መጣባቸው?

ምንያህል፦ ለዓይን ያምራል፣ ሲቀምሱት ይጎመዝዛል። ድሎትም እንደዚያ ነው ይላሉ።

ዘርትሁን፦ እኔ ድሎቱን ሳላየው ጉምዛዜውን ለምን ትነግረኛለህ? የሙሽራው እናት ቤታችን የመጣች ቀን ወንበሩን በመሐረቧ ጠርጋ ነው የተቀመጠችው። ልጄ ትርሲትም አይታለች። አሁን አማትየዋ ልጆቹ ቤት በገባች ቁጥር ግድግዳው «ከደህና ቤት ነው የወጣችው» እንዲላት ነው የፈለግኩት።

ምንያህል፦ ለዚህ አይደል ያመጡልኝን ዕቃ ያሳመርኩት? ትሪው እንዴት እንደሚያበራ ይዩት።

ዘርትሁን፦ አይቼዋለሁ። ጠርዙ ላይ ያለውን ቀይ ጽሑፍም አጥፋልኝ።

ምንያህል፦ ምን ይላል... «የሰፈር እድር።» ትሪው የእርስዎ አይደለም?

ዘርትሁን፦ የሁላችንም ነው። ጆጉም እንደዚያው። ዕቃ ቤቱን የያዙት ጋሼ ደመላሽ፣ ሰው ሳይሞት አይወጣም ብለውኝ ስንት ለምኜ ነው የሰጡኝ።

ምንያህል፦ ጽሑፉን ሲያመጡት አላዩትም?

ዘርትሁን፦ ዘመኔን ሙሉ አየዋለሁ። ጌጥ ይመስለኝ ነበር። የማታ ትምህርት ከጀመርኩ ገና መንፈቄ ነው፤ እዚሁ አሁን፣ ሥዕልህ ላይ ነው ያነበብኩት።

ምንያህል፦ ለቅሶ ቤት ሁሉ የሚዞር ትሪ ነዋ።

ዘርትሁን፦ የትርሲት አባት ሲሞት ንፍሮ ቀርቦበታል።

ምንያህል፦ እንግዲያው የራስ ቅሉን አጠፋዋለሁ። ትሪው ብቻውን ይበቃል።

ዘርትሁን፦ ጽሑፉስ?

ምንያህል፦ እሱ ይቆያል። ሁለቱንም ካጠፋሁ ሥዕሉ ባዶ ጉራ ይሆናል፤ ስሜንም አልፈርምበትም። አንዱን ይምረጡ።

ዘርትሁን፦ ቆይ እስቲ ላስብ... ወንበሩን እንደዚያ የጠረገች ሴት ትሪውን ሳታነብ አትቀርም።

ምንያህል፦ የቱን ላጥፋ?

ዘርትሁን፦ ጽሑፉን። የራስ ቅሉን የማን ነው ብሎ የሚጠይቀኝ የለም።