ዳክዬ ለማየት ሄጄ

የእኔ ሱስ ወፍ ማየት ነው። ባለፈው ጉለሌ፣ ከቀጨኔ በላይ ያለው የድሮ የዓሣ ኩሬ ዳር ቆሜ ዳክዬዎቹን በመነጽር አቅርቤ ሳይ፣ ከማዶ ካለችው የጭቃ ቤት አንዲት እናት ወጥተው መጡ።

«ልጄ፣ መቼ ነው የምታፈርሱት?» አሉኝ።

«ኧረ እማማ፣ እኔ ወፍ ነው የማየው፤ እንኩ ይዩበት» ብዬ መነጽሩን ብዘረጋላቸው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«የታችኞቹንም እንዲህ አይተው ሄደው ነው ያፈረሱባቸው። ቀኑን ብቻ ንገረኝ፤ ቆርቆሮዬን ሳይጨማደድ ላውርደው።»

ከአፍራሾቹ እንዳልሆንኩ ምዬ ተገዝቼ ነገርኳቸው። በቃ፣ ያመኑኝ መስሎኝ ሄድኩ።

በሳምንቱ ስመለስ ቤቷ ጣሪያ የላትም። ሊያፈርስ የመጣ ሰው የለም፤ ራሳቸው ናቸው ያወረዱት። እማማ በካፊያ ቆርቆሯቸው ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ተነሱና፣ «ይኸው ጨርሻለሁ፤ ጓደኞችህን ጥራቸው» አሉኝ።